አካፋይ አፍ የለውም

ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ «ምናልባት» ይለዋል። «ደህና አደርክ?» ሲሉት «ምናልባት» ብሎ ለሚመልስ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ሰማዩ ኩልል ብሎ እያየው ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ድልድይ ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው ቀድሞት እስኪሻገር ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይላል። ሚስቱ «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የተባለው ያንተን ዓይነቱን አይተው ነው» ስትለው አይቆጣም። ላቡን ይጠርጋል እንጂ ምን ይላል።

ፍርሃቱ ግን ሜዳ ላይ የተለቀመ አልነበረም። ልጅ ሳለ የአባቱ የድርቆሽ ክምር ክብሪት የጫረበት ሳይኖር ሲቃጠል አይቷል። አባትየው ዝናብ ሲመጣባቸው ያልደረቀ ሳር ቸኩለው ከምረው ነበር። ያልደረቀ ሳር ታፍኖ ሲቀመጥ ከውስጡ ይግላል፤ ከላይ ቢያዩት ግን ምንም የለበትም፣ ወፍ ሳይቀር ያርፍበታል። ሽታው ሲቀየር አባትየው «እስቲ ውስጡን ልየው» ብለው በመንሽ ቢከፍቱት፣ ታፍኖ የከረመው ነገር አየር አገኘና እሳት ሆኖ ወጣ። በረቱ ከነላሞቹ ሄደ። የአባትየው ፊት እስኪሞቱ ድረስ በአንድ ጎኑ እንደተጨማደደ ቀረ። ምናልባት ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ነገር አያምንም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን በድርቆሽ መግፋቱ ነው ጉዱ። ምን ያድርግ? መሬት የለውም፤ ያለው ሦስት ላም ነው። ወተታቸውን ለጎረቤት እየሸጠ ልጆቹን አሳድጎ ድሯል። ላም ደግሞ በጋውን በምክር አትወጣውም፤ ድርቆሽ ትፈልጋለች።

ድርቆሹ የሚገኘው ከአናጢው መሬት ነበር። አናጢው ከመንደሩ ዳር ሰፊ የሳር መሬት ነበራቸው፤ ራሳቸው አያጭዱትም፤ ከብትም አልነበራቸውም። ድርሻቸውን አስቀምጠው በጋው ሲጠና ለባለ ከብት ይሸጡታል። ከምናልባት ጋር የገቡት ውል ወረቀት አልነበረውም፤ ግን ቀዳዳም አልነበረውም። መሬቱና አጥሩ የአናጢው። ማጭዱ፣ ላቡ፣ ማድረቁና መከመሩ የምናልባት። ለከርሞ እንዲበቅል ሳሩ ዘሩን ሳያራግፍ አይታጨድም። ታጭዶ ሲያበቃ ከብት አይለቀቅበትም። ዝናብ ያበላሸው ካለ ጉዳቱ የሁለቱም ነው፣ እኩል። በመጨረሻ አጫጁ ድርቆሹን ሁለት ቦታ ይከምርና ባለመሬቱ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። «ያካፈለ አይመርጥም፣ የመረጠ አያካፍልም» ይሉ ነበር አናጢው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነበረበት። ከምናልባት በፊት የነበረው አጫጅ አፈ ቅቤ ነበር። ምርጫ ላይ «ያኛው ይሻልዎታል፣ ይሄኛው እሾህ በዝቶበታል» እያለ ግርዱን ሲያሸክማቸው ኖረ። አናጢው ሲነቁበት አባረሩትና ሕግ አወጡ፤ መራጩ እጁን ክምሩ ላይ እስኪያሳርፍ አካፋይ አፍ የለውም። እጅ ካረፈ ደግሞ አለቀ፣ ወደኋላ የለም። ለምናልባት ይህ ሕግ ገነት ነበር። ዝም ብለው የሚከበሩበት ሥራ ከየት ይገኛል?

አናጢው ሲሞቱ ሚስትየው፣ ሰፈሩ «እማማ» የሚላቸው፣ ውሉን ባለበት አቆዩት። እማማም በየዓመቱ አንድ ዓይነት ምርጫ ይመርጣሉ፤ በር አጠገብ ያለውን ክምር። ጋሪ እስከዚያ ድረስ ይገባልና። ማዶ ያለውን ሁልጊዜ ምናልባት እየተሸከመ ይወስደዋል። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ የታወቀ ነገር ምን ያነጋግራል።

ዘንድሮ፣ በመጨረሻው ቀን ማጠናቀቂያ ላይ፣ ደመና ሳይጠሩት መጣ። ሁለቱ ክምሮች ሊያልቁ ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ በመሬቱ የታችኛው ዳር ያለው ሳር ግን ገና እንደተዘረጋ ነበር። ምናልባት ሮጦ እስኪያፍሰው ዝናቡ ደረሰበት። ርጥቡን ሳር አቅፎ ቆመና አሰበ። «ይሄን ማዶ ባለው ክምር ሆድ ውስጥ ልክተተው» አለ ለራሱ። «ማዶ ያለው እንደሆነ የእኔ ነው። ነገ ቤቴ ወስጄ፣ በትኜ፣ አደርቀዋለሁ። እማማ ንጹሑን ይውሰዱ።» ከተተው፤ በላዩ ላይም ደረቁን ከመረበት። በዕድሜው ከሠራቸው ደግ ሥራዎች አንዱ መሰለው። የዚያን ቀን ዘና ብሎ እራቱን በላ፤ ሚስቱ እንዳመመው ጠረጠረች።

በማግስቱ እማማ ለምርጫ መጡ። የመጡት ግን በጋሪ አልነበረም። ሹፌር የሆነው ልጃቸው ፒካፑን ይዞ አብሯቸው መጣ። ሹፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ምናልባትን በትከሻው ነካ አደረገና ፈገግ እያለ፣ «ጋሼ፣ የማሽን አጫጅ ያለው ሰውዬ ይሄን መሬት ሙሉውን በኪራይ ስጠኝ እያለ ጨቀጨቀኝ እኮ። እማዬ ናት ‘የአባትህ ውል ነው፣ ሰውየው ሀቀኛ ነው’ ብላ ያስቀረችው። ሀቅህን ጠብቅ እንግዲህ!» አለው። ቀልድ ነበር። ምናልባት ግን ቀልድ አያውቅም።

ከዚያ ሹፌሩ እናቱን በክንዳቸው ይዞ «እማዬ፣ ማዶ ያለው ይተልቃል። ዘንድሮ መኪና አለን፤ ርቀት ምን ያስፈራናል?» አላቸው።

እውነቱን ነው፣ ይተልቅ ነበር። ርጥብ ሳር ሆዱን ነፍቶታል።

እማማ ዱላቸውን እየተከሉ ወደ ማዶው ክምር ሄዱ። ምናልባት አፉን ከፈተ። አካፋይ አፍ የለውም። ዘጋው። እማማ ደረሱ፣ እጃቸውን አነሱ፣ እንደገና ከፈተው፤ ድምፅ አልወጣም። እጃቸው ክምሩ ላይ አረፈ። አሁንስ መናገር ይችል ነበር፤ ሕጉ እስከዚያ ድረስ ነው የሚከለክለው። ግን ምን ብሎ? «ከሆዱ ርጥብ ከትቼበታለሁ» ቢል፣ ማን ነው «ለራሴ ብዬ ነው» የሚለውን የሚያምነው? ርጥብ ከትቶ ክምር ማስተለቅ የሌባ አጫጅ ሥራ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። መሬቱ ለባለ ማሽኑ ይሄዳል፤ ላሞቹም ወደ ሥጋ ሻጩ። ስለዚህ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ተረቱን የተረተው ሰው ግን ርጥብ ድርቆሽ ከምሮ አያውቅም መሰለኝ።

ንጹሑ ክምር ለምናልባት ቀረ፤ የማዶው ድርቆሽ በፒካፕ ተመላልሶ የእማማ ድርቆሽ ቤት ውስጥ እስከ ጣሪያው ታጨቀ። ድርቆሽ ቤቱ ከመኝታ ክፍላቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። አናጢው በጉልበታቸው ዘመን ለእንጨት ማስቀመጫ ብለው የቀጠሉት ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ማገሩ ደረቅ እንጨት፣ መስኮት የለውም።

ምናልባት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። ምግብ አፉ ውስጥ ይዞራል። ላም ሲያልብ እጁ እየቆመ፣ ላሚቱ ዞራ ታየዋለች። በየሰዓቱ ወደ ደጅ ወጥቶ የእማማ ቤት ባለበት በኩል ሰማዩን ያያል። ጭስ የለም። ጭስ አለመኖሩ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራዋል፤ የአባቱም ክምር አልጨሰም ነበር።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ «ገመድ ረስቼ እንደሆነ ብዬ ነው» እያለ እማማ ቤት ሄደ። ያልረሳውን ገመድ ድርቆሽ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ፈለገ። አሸተተ። የድርቆሽ ሽታ ነው፣ ደስ የሚል። ከበስተኋላው ግን የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ነገር ሸተተው። ምናልባት ነው፣ አለ ለራሱ፣ ምናልባት ከኩሽና ነው። ኩሽናው ግን ከግቢው ሌላ ጫፍ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወተት አመጣሁ ብሎ ሄደ። እማማ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ከግድግዳው አስጠግተው አገኛቸው። ፊታቸው ፈክቷል።

«ና ግባ ልጄ። እንዴት ዋልክ? እኔማ ዘንድሮ ተሻለኝ። ይሄ ግድግዳ ሙቀት አለው፣ ታውቃለህ? ወገቤን እዚህ አስደግፌ ስውል ሕመሙ ጥሎኝ ይሄዳል። ፀሐይ ነው መሰል የሚያገኘው።»

ግድግዳው ፀሐይ የሚያገኝበት አንድም በኩል የለውም። ምናልባት መዳፉን ለጠፈበት። ትኩሳት እንዳለበት ሰው ግንባር ይሞቃል። እጁን ሊያነሳ ፈለገ፣ እጁ ግን እምቢ አለው።

«እማማ» አለ።

«ወዬ?»

«እዚህ... እዚህ ባይተኙ ጥሩ ነበር።»

«ለምን?»

በዚያች ቅጽበት ሹፌሩ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ገባ። «አ! ጋሼ! ባለ ማሽኑ ዛሬም ደወለልኝ እኮ» አለ እየሳቀ። ምናልባት ዓይኑን ከእሱ አሸሽቶ፣ «ወገብዎን... ብርድ እንዳይመታዎት ብዬ ነው» አለና ወጣ። የሞቀ ግድግዳ ለተደገፉ ሴትዮ ብርድ!

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በረት ውስጥ ነበረች። ባሏን ገና ስታየው ባልዲውን አስቀመጠች።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው? አመድ መስለሃል።»

«ምንም።»

«ምንም የሚሉት ነገር ሰውን እንዲህ አያከሳም። ተናገር።»

አካፋይ ለሚስቱም አፍ አልነበረውም። እሷ ግን በሩ ላይ ቆመች፣ ካልተናገርክ አታልፍም ብላ። በመጨረሻ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ዝናቡን፣ ርጥቡን ሳር፣ የእማማ እጅ ክምሩ ላይ እንዴት እንዳረፈ፣ ግድግዳውን። ሚስቱ አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

«ውሉ ዝናብ ያበላሸው የሁለታችንም ነው ይል የለ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ይላል።»

«የዚያኑ ዕለት ብትነግራቸው ውሉ ራሱ ይሸከምልህ ነበር ማለት ነው?»

ይህን አላሰበውም ነበር። አንዱን ሕግ ሲፈራ ሌላውን ረስቶታል።

«መሬቱን ይወስዱብኛል» አለ።

«ይውሰዱት! ላሞቹም ይሸጡ! ሴትዮዋ እኮ በእሳት ላይ ነው የተደገፉት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሂድ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ሂድ አልኩህ!»

ምናልባት ሄደ። ሮጠ ማለት ይሻላል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ማንንም አልጠበቀም። በሩን ሳያንኳኳ ገባ፤ እማማ እዚያው ግድግዳቸው ሥር አሸልበዋል፤ ሹፌሩ ወንበር ላይ ሻይ ይጠጣል። ምናልባት የሚናገረውን በመንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሁሉም ጠፋው።

«እናትህን አውጣቸው። ድርቆሹ ርጥብ ነው። እኔ ነኝ የከተትኩት። አውጣቸው!»

ሹፌሩ መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ግድግዳውን ነካ፤ ሲገባው ፊቱ ጠቆረ። እናቱን አቅፎ ደጅ አወጣቸውና መንሽ ይዞ ወደ ድርቆሽ ቤቱ ተወረወረ።

«አትክፈተው!» ብሎ ምናልባት ጮኸ። እንዲህ ጮኾ አያውቅም፤ ጎረቤት በሙሉ የወጣው በድምፁ ነው። የሹፌሩን ክንድ በሁለት እጁ አንቆ ያዘ። «አየር ካገኘ አለቀልን። ውሃ! መጀመሪያ ውሃ! ከላይ!»

ጎረቤት በባልዲ፣ በጀሪካን፣ በድስት ውሃ አቀበለ። ቆርቆሮውን ከአንድ ጥግ አንስተው ከላይ አፈሰሱበት። ከክምሩ ሆድ ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ ወጣ፤ ቀጥሎ ቡናማ ጭስ ተከተለው፤ ዓይን የሚያነድ። ምናልባት ከፊት ቆሞ እያለቀሰ ያፈስ ነበር፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ፣ እሱም አያውቅም። ርሶ ሲጠግብ ጥቂት በጥቂት እየገፈፉ ወደ ግቢ አወጡት። መሃሉ ሲደረስ ጥቁር ነበር፣ ከሰል የመሰለ። አንዱ ጎን ግቢው ውስጥ እንደወጣ ቦግ አለ፤ አፈር አለበሱት። ከግድግዳው በኩል አንድ ማገር ተቃጥሎ፣ ከእማማ አልጋ በኩል ልስኑ ተሰነጣጥቆ ነበር። አንዲት ሌሊት ቢያድር፣ ምናልባትም ያቺኑ ሌሊት፣ አይደርሱበትም ነበር።

ሁሉም ሲበርድ ሹፌሩ ምናልባትን ኮሌታውን ያዘው። «አውቆ ነው! ክምሩን ለማስተለቅ ነው! ሰዎች፣ ይሄ ሰው እናቴን ሊገድላት ነበር!» ምናልባት አልተከላከለም። «ለራሴ ነበር የከተትኩት» አለ አንዴ፤ የሰማው የለም። ጎረቤቱ ወደ መሬት አየ።

እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልቀቀው» አሉ። ሹፌሩ ለቀቀው። ወደ ምናልባት ዞሩ። «ስንት ጊዜ መጣህ ልጄ፤ ገመድ እያልክ፣ ወተት እያልክ።» እሱ አንገቱን ደፋ። «በየጊዜው ይሄን ይዘህ ነው የምትመጣው?» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር፤ ዘግይቶ የደረሰ ፍርሃት። ምናልባት በዕድሜው ስንት ፈርቷል፤ ሰው እሱን ራሱን ፈርቶ ሲያየው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህንን የሚችለው አልመሰለውም።

«የእርስዎ ድርሻ ጠፋ» አለ። «የእኔ ግን አለ። እንካፈለው። ዝናብ ያበላሸው የሁለታችንም ነው።»

«እሺ» አሉ እማማ። «ግን አንተ አታካፍልም። እኔ አካፍላለሁ፣ አንተ ትመርጣለህ።»

«ከዚያ በኋላ መሬቱ ለባለ ማሽኑ ነው» አለ ሹፌሩ። እናቱ ዱላቸውን ተክለው ተነሱ።

በማግስቱ ፒካፑ ወደ ምናልባት ግቢ ገባ። እማማ በዱላቸው እየጠቆሙ፣ ሹፌሩ ጥርሱን ነክሶ በመንሽ እየወረወረ፣ የምናልባት ክምር ለሁለት ተከፈለ። ምናልባት እንዳያይ ከበረቱ ኋላ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ጠራችው። ሲወጣ ሁለት ክምር አየ፤ አንዱ ተለቅ፣ አንዱ አነስ ያለ። እማማ በመሃል ዝም ብለው ቆመዋል። ሹፌሩም ዝም፤ የአባቱ ሕግ ነው።

በሕይወቱ መርጦ አያውቅም። ትልቁን ቢወስድ ሌባ ነው። ትንሹን ቢወስድ ላሞቹ በጋውን አይወጡትም። ደግሞስ የአካፋይ ዝምታ ምን እንደሚደብቅ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ላብ በጀርባው ወረደ። ሚስቱን አየ፤ እሷም አንገቷን አቀረቀረች። ትልቁ ለእማማ ይሁን ብሎ ወደ ትንሹ ሄደና እጁን ዘረጋ።

«ቆይ! እሱን አትንካ!» አሉ እማማ። «ከሥር የነበረው የሻገተው ሁሉ እዚያ ነው የገባው። ላምህ ትታመማለች። ያኛውን ውሰድ፤ ይሄን ደግሞ ለቅመን እንጥለዋለን፣ የጎደለውን እንደገና እንካፈላለን።»

«እማዬ!» አለ ሹፌሩ። «አካፋይ አፍ የለውም ስትሉ አልነበር እንዴ አንቺና አባዬ?»

«እና ላሚቱ ትሙት?» አሉ እማማ።

የምናልባት እጅ አየር ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ቀን ጉሮሮው ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ የነሳው፣ ቤት ሊያነድ የደረሰው ነገር፣ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ የሚያልቅ ነበር። እማማ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ እሱ ቀረቡ።

«ከርሞ ስታካፍልልኝ እንዲህ ትለኛለህ» አሉት።

ምናልባት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሹፌሩ መንሹን እንደያዘ ወደ መኪናው ዞረ።